ያለ ጠመንጃ አልተለቀሰለትም

ተከሳሹ «ከጦሩ መካከል ተከላካይ ምረጥ» ሲባል እኔን መምረጡን ስሰማ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይሄ ልጅ ምን አስቦብኝ ነው?» የሚል ነበር። አላውቀውም። አብረን አልሠለጠንንም፤ አብረን አልዘመትንም። እሱ አንበሳሜ አጠገብ ያለ ኬላ የሚጠብቅ ተራ ወታደር፣ እኔ ደብረ ታቦር ካለው የጦር ሰፈር ስንቅ ክፍል የምሠራ ሃምሳ አለቃ። ምናልባት ስኳርና ዱቄት ሊወስድ መጥቶ አይቶኝ ይሆናል። ሰው በዚህ ብቻ ነፍሱን አደራ አይሰጥም።

ዘመኑ የደርግ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ያኔ ምክር ሳይሆን የዕለት ሥራ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አለቃ ምንዝሩን፣ ባል ሚስቱን ይጠረጥራል። እኔ ደግሞ ከዘመኑም በፊት እንደዚያው ነበርኩ። እናቴ «ይሄ ልጅ ጡት ሲሰጡትም አሽትቶ ነው የሚጠባ» ትል ነበር። ስንቅ ክፍል ስገባማ ለየልኝ። እዚያ የሠራ ሰው ዱቄት የሚሰርቀው ሁልጊዜ አጥብቆ የሚስቅለት ሰው መሆኑን ያውቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ በመሆኔ ወታደሩ ማመልከቻ ያስጽፈኝ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ የሕግ እውቀት አልነበረኝም።

ክሱ እንዲህ ነው። ልጁ ቀን ጥበቃ ላይ ሳለ ቦታውን ጥሎ ከነመሣሪያው ተሰወረ። ቆይቶ ከሸለቆው በኩል ሦስት ጥይት ተተኮሰ። ኬላው ላይ ያለው ጦር ምሽግ ገብቶ፣ ወንበዴ መጣ አልመጣ እያለ በሆዱ ተኝቶ ዋለ። አመሻሽ ላይ ልጁ በገዛ እግሩ ተመለሰ፤ ካዝናው ሲታይ ሦስት ጥይት ጎድሏል። በማግስቱ ደግሞ እህል የጫነ የመንግሥት መኪና ከኬላው ወዲያ ማዶ መንገድ ላይ ተቃጠለ። ዐቃቤ ሕጉ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሰፋቸውና፣ ተኩሱ ለወንበዴ የተሰጠ ምልክት ነው አለ። ጥበቃ ጥሎ መሄድ እስራት ነው። ለጠላት ምልክት መስጠት ግን ሞት ነው።

የጦር ፍርድ ቤት የሚባለውን ነገር ወታደሩ በስሙ ይፈራዋል እንጂ ውስጡን የሚያውቀው ጥቂት ነው። በሲቪሉ ፍርድ ቤት ዳኛው ዳኛ ብቻ ነው። በእኛ ግን ዳኞቹ ነገ የሚያዝዙህ መኮንኖች ናቸው። ሰብሳቢው ሻለቃ፣ በግራና በቀኙ አንድ ሻምበልና አንድ መቶ አለቃ ይቀመጣሉ። ዐቃቤ ሕጉም መቶ አለቃ ነው፤ ልቃወመው ስነሣ መጀመሪያ ቀጥ ብዬ ሰላምታ መስጠት ነበረብኝ። ሰላምታ ሰጥተህ «ተሳስተዋል ጌታዬ» ማለት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ከበስተኋላ ደግሞ የፖለቲካ ኃላፊው ይቀመጣል። አይናገርም፣ አይጽፍም፣ አያዛጋም። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነበር።

ልጁን መጀመሪያ ያገኘሁት ማረፊያ ቤት ውስጥ ነው። ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ወስደውበታል። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ። የጉና ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ሁለታችንንም ያንቀጠቅጠናል።

«ለምን መረጥከኝ?» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

«ሃምሳ አለቃ ማንንም አያምኑም ሲሉ ሰምቼ ነው» አለ። «የሚያምን ሰው ቶሎ ይታለላል ብዬ።»

መልሱ ደስ አላለኝም። ጥሩ መልስ ነበር፤ ጥሩ መልስ ደግሞ ያሠጋኛል።

«ጥበቃህን ጥለህ የት ሄድክ?»

«ሆዴን ሲቆርጠኝ ወደ ጫካው ወረድኩ።»

«ጥይቱስ?»

«ጅብ መጣብኝ።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

ትንሽ አሰበ። «የታመመ ጅብ ነበር» አለ።

ብዙ ውሸታም አውቃለሁ። በልምድ የሚዋሽ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም። ይሄ በችግር የሚዋሽ፣ ውሸት ያልለመደ ሰው ነው። ደግሞ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ገና ያልሻረ ጭረት አለ። ስጠይቀው «ቁጥቋጦው ነው» አለኝ። ቁጥቋጦ ሁለት ጉንጭ እኩል አይቧጥጥም።

ኬላው ላይ የነበሩት ወታደሮች የሰጡትን ቃል አንብቤ ነበር። ሁሉም ጥይቶቹ ተራርቀው እንደተተኮሱ፣ በመካከላቸውም እንደ ጩኸት ያለ ነገር እንደተሰማ ተናግረዋል። ዐቃቤ ሕጉ ይህን «የምልክት አተኳኮስ» ብሎታል። እሱ የከተማ ልጅ ነው። እኔ ግን እዚሁ ደጋ ነው ያደግኩት። በእኛ አገር አባወራ ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ነው። በቅሎው ወይም ፈረሱ ይወጣል፤ ካባው ይጫንበታል፤ ጠመንጃው ይያዛል፤ አልቃሿ እየገጠመች ሕዝቡ ይዞራል፤ በየመካከሉ ይተኮሳል። ጠመንጃ የሌለበት ለቅሶ ዘመድና ልጅ የሌለው ሰው ለቅሶ ነው። መንግሥት ከገበሬው ጠመንጃውን ሰብስቦ ከወሰደ ወዲህ ሟች የሚያፍረው በዚሁ ነበር።

«አባትህ መቼ ሞቱ?» አልኩት።

ሱሪውን የያዘው እጁ ላላ። ከዚያ ቶሎ ጠበቅ አደረገና «አባቴን አያንሡብኝ» አለ።  ሰው እየሸሸገ እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልደከምኩም። ወታደር ያልሆነ ሰው የመንግሥትን ጠመንጃ ለቅሶ ላይ ከያዘ፣ ሰውየውም መንደሩም በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። ልጁ እኔን የመረጠው እውነቱን እንዳወጣለት አልነበረም። በውሸቱ ላይ ሌላ የተሻለ ውሸት እንድጨምርለት ነበር።

ስንቅ በሚያመላልስ መኪና ተሳፍሬ ወደ መንደሩ ሄድኩ። በሐሙሲት በኩል ዞረን አንበሳሜ ደረስን፤ ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ ሣሩ በክብ ተረግጦ ደቅቋል፤ የፈረስ ኮቴም በክቡ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ሌላ ምስክር ባያስፈልገኝ ሜዳው ይበቃ ነበር። ግን ሜዳ ችሎት ፊት ቀርቦ አይናገርም።

የሟች ወንድም፣ የልጁ አጎት ማለት ነው፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ተቀበሉኝ። ጠላ ቀዱልኝ። እሳቸው ቀምሰው እስኪሰጡኝ ድረስ ጠበቅኩ፤ ቀምሰው ሲሰጡኝም ከአንድ ጉንጭ አላለፍኩም።

«አያ፣ ለቅሶ ነበር አሉ» አልኳቸው።

«ነበር፤ ወንድሜን ቀበርን» አሉ።

«ተኩስ ነበር?»

«ተኩስ? ኧረ ወዲያ! በምን እንተኩስ ጌታው? ጠመንጃችንንማ ለመንግሥት አስረክበን እፎይ ብለናል።»

ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እፎይ ያሉ ሰዎች አይመስሉም ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ! አልሸሸግኳቸውም፤ ነገሩን እንደ ስንቅ ዘርግቼ ነገርኳቸው። ተኩሱ የለቅሶ ከሆነ ልጁ ይታሰራል፤ የለቅሶ ካልሆነ የወንበዴ ነው ይባላል፤ የወንበዴ ከተባለ ልጁ ይገደላል። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ «ዝም አይነቅዝም» አሉ፤ ሌላው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ፤ ወሬው ወደ ጤፉ ዞረ።

ተናደድኩ፤ ቢሆንም ገብቶኛል። ድሮ በአገራችን ወንጀል ሲሠራ «አውጫጭኝ» እየተባለ መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ከዚያ ሜዳ አባቶቻቸው የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም በአንድ አፍ «አላየሁም» ካለ መንግሥት ደክሞት ይሄዳል። ለዳኛ ይህ ሠርቶ ይሆናል። ተኩሱን በገዛ ጆሮው የሰማ፣ ምሽግ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ የዋለ ጦር ፊት ግን «ተኩስ አልነበረም» ማለት ልጁን በእጅ ይዞ መስጠት ነው። ይህን ሊያዩት አልቻሉም። እኔም የለበስኩት የመንግሥት ልብስ ስለሆነ ብነግራቸውም አላመኑኝም።

እናቱን ከቤቷ በር ላይ አገኘኋት። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ተቧጥጦ፣ እህል ስትፈጭ እንደዋለች ሴት ደክማ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ልጅዎን ላድንልዎ ነው የመጣሁ» አልኳት።

ክንዴ ላይ ያለውን ማዕረግ አየች። «ማን ልኮህ ነው?»

«ልጅዎ መርጦኝ።»

«ልጀ አንተን ከየት ያውቅሃል?»

 እኔም ራሴን ስጠይቅ የሰነበትኩት እሱን ነበር።

«ባለቤትዎ ሲለቀስላቸው ልጅዎ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ነበር?» አልኳት።

«ልጀ ኬላ ነበር። የመንግሥት ሥራ ላይ ነበር» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከነጠላው በታች እያለቀሰች እንደሆነ ትከሻዋ ይናገር ነበር።

ችሎቱ የተቀመጠው በጦር ሰፈሩ ውስጥ ባለ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ልጁ ያለ ቆብ፣ ያለ ቀበቶ ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የኬላው ወታደሮች አንድ በአንድ እየገቡ የሰሙትን ተናገሩ። ዋሹ አልልም፤ እንዲያውም እውነታቸው ነበር የሚያስፈራው። ከሸለቆ የመጣ ተኩስ ነበር፣ ጓዳቸው ቦታው ላይ አልነበረም፣ በማግስቱ መኪና ተቃጠለ።

ተራዬ ሲደርስ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ተኩሱ የለቅሶ ተኩስ መሆኑን፣ የአገሩ ባህል እንዲህ መሆኑን ተናገርኩ። ሻለቃው ሰማኝ። ዓይኑ የሚያነብ እንጂ የሚነበብ አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ስለ ደጋ ለቅሶ የሚያውቀው ነገር ይኑር አይኑር መለየት አልቻልኩም።

«ይህን ተከሳሹ ራሱ ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጁ ከቆመበት «አልልም ጌታዬ። እኔ በአባቴ ለቅሶ ላይ አልነበርኩም» አለ። የገዛ ደንበኛዬ ከጀርባዬ ወጋኝ። ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ።

«ምስክር አለህ?» አለኝ ሻለቃው።

«የመንደሩ ሰዎች አሉ ጌታዬ።»

ያስጠራኋቸው ችሎት ፊት ሲቆሙ ይፈራሉ፣ ሲምሉ ይናገራሉ ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። በመስቀል ቢያስምሏቸው ኖሮ ምናልባት ይንቀጠቀጡ ነበር። በእኛ ችሎት ግን የሚማለው በአብዮቱ ስም ነው። በአብዮቱ ስም መዋሸት ለእነሱ ኃጢአት አልነበረም፤ ንስሐም የሚያስገባ አይደለም።

አጎትየው መጀመሪያ ቀረቡ። በትራቸውን በር ላይ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ።

«በለቅሶው ላይ ተኩስ ነበር?» አልኳቸው።

«አልነበረም።»

«ጠመንጃ የያዘ ሰውስ?»

«ኧረ የለም፣ የኔ ጌታ።»

«በአካባቢው ያን ቀን ተኩስ የሰማ ሰው አለ?»

«በአገራችን ሰላም ነው ጌታው። ምንም አልተሰማ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ እንዲሁ አሉ፤ ሦስተኛውም። እየተናገሩ ልጁን በስርቆሽ ያዩታል፤ «አይዞህ፣ አልከዳንህም» የሚል አስተያየት ነበር። እሱም ትንፋሹ ተመለሰለት። ያ ሁሉ ሰው ተባብሮ፣ ተዋዶ፣ በፍቅር እየገደለው ነበር። ዐቃቤ ሕጉ አንድም ጥያቄ አልጠየቃቸውም። ለምን ይጠይቃል? ለቅሶው ላይ ተኩስ ካልነበረ፣ ሦስቱ ጥይት ለማን ተተኮሰ? ሻለቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ያን ነገር አውቀዋለሁ፤ ሰው ውሳኔ ላይ ሲደርስ እጁን ባዶ ያደርጋል።

የቀረችኝ እናትየው ነበረች።

ገብታ ስትቆም ልጇን አላየችውም። ለማየት ፈርታ ይመስለኛል። እኔን ግን ትክ ብላ አየችኝ። እኔም ሳያት አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ይህች ሴት ለፍርሃት አትናገርም፤ ለልመናም አትናገርም፤ ለእውነትም ብላ አትናገርም። ለአንድ ነገር ግን ትናገራለች። ያን ነገር በአደባባይ መንካት ደግሞ ነውር ነው፤ ደጋ ያደገ ሰው፣ ሰክሮ ካልሆነ፣ አያደርገውም።  ደግሞ ልጁን አየሁት፤ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል።

«ባለቤትዎ ጠመንጃ ነበራቸው?» አልኳት።

«ምንሽር ነበረው። ለመንግሥት አስረከበ።»

«ወንድ ልጅ ወልደዋል?»

«ይኸው» አለች፤ አሁንም ሳታየው።

«ልጃቸው የመንግሥት ወታደር ነው። ክላሽ ይዞ እልፍ ብሎ ካለው ኬላ ላይ ቆሟል። እሳቸው ግን ሲሞቱ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የተለቀሰላቸው ማለት ነው?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።  አጎትየው ከኋላ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«አልሰማሁም፣ እማማ። ፈረሱ ላይ ካባ ብቻ ተጭኖ፣ ጠመንጃ ሳይያዝ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ነው የቀበሯቸው? እንደ መንገደኛ? ዘርም ዘመድም እንደሌለው ሰው?»

«ተው» አለች ቀስ ብላ።

«መንደሩ እንዲህ ይላል። ሦስት ሽማግሌ መስክሯል። ወንድማቸው ራሳቸው መስክረዋል። እርስዎም ይመስክሩና ይጽፉታል፤ ‹ባሌ ያለ ጠመንጃ ተለቀሰለት› ይበሉ።»

ድምፅዋ ከየት እንደወጣ አላውቅም። አዳራሹ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ እሱም አብሮ የጮኸ መሰለኝ።

«ባሌ ያለ ጠመንጃ አልተለቀሰለትም! አፍህ ይቆረጥ! በገዛ ልጁ ጠመንጃ ነው የተለቀሰለት! ፈረሱ ላይ ካባው፣ ካባው ላይ የልጁ ጠመንጃ! ሦስቴ ተተኩሶለታል! አገር ሰምቷል፣ ገደሉ ሰምቷል! እነዚህ ወታደሮችም ሰምተዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በፍርሃት ሲንቀጠቀጡ!»

«አንች ሴት!» ብለው አጎትየው ተነሡ። ከዘበኞቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት አፉን በእጁ አፈነ። ልጁ ጭንቅላቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ ይህ የተጠና ነው፣ ተከላካዩ አስጠንቷት ነው አለ። ሻለቃው እጁን አንሥቶ አስቀመጠው።

«እናት» አላት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሲናገር አልሰማሁትም። «ማን ነው የተኮሰው?»

«ልጀ ነዋ! ማን ይተኩስለት!»

«መቼ መቼ ነው የተኮሰው?»

አልቃሿ አንዱን ግጥም ስትጨርስ አንድ፣ ፈረሱ ሲዞር አንድ፣ ካባው ሲወርድ አንድ እንደተተኮሰ ነገረችው። እንባዋን እየጠረገች በኩራት ነበር የምትነግረው። ሻለቃው ከኬላው ወታደሮች አንዱን መልሶ አስጠርቶ፣ በጥይቶቹ መካከል የሰማው ጩኸት ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀው። ወታደሩ አፈረ። «አሁን ሳስበው ጌታዬ፣ የሴት ለቅሶ ይመስላል» አለ።

የተኮሰው ልጁ ይሁን አጎቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎትየው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ የደበቁበት መንገድ አላማረኝም ነበር። አልጠየቅኩም። ጥርጣሬም አንዳንድ ቀን አርፎ መቀመጥ አለበት።

ችሎቱ ተነሥቶ ተመልሶ ሲቀመጥ ፍርዱ ተነበበ። ለጠላት ምልክት ሰጥቷል የተባለው አልተረጋገጠም። ጥበቃ ጥሎ በመሄድና መሣሪያን ያለ ፈቃድ በመጠቀም ጥፋተኛ ነው፤ የብዙ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ ለበላይ ተልኮ እስኪጸድቅ ድረስ አላመንኩም። የበላይ አካል ቅጣቱን ሊያከብደው ይችላል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ደግሞም ያ የማይናገረው የፖለቲካ ኃላፊ ምን ብሎ እንደላከ ማን ያውቃል? ጸድቆ ሲመጣ ግምጃ ቤት ገብቼ ጆንያዎቹ መካከል ተቀምጬ ብቻዬን አለቀስኩ።

ፍርዱ በተነበበ ዕለት ግን ከአዳራሹ ስወጣ እናትየው በር ላይ ቆማ ነበር። ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እናት አለችህ?» አለችኝ።

«አለችኝ።»

«ባሏን በሰው ፊት ሲያዋርዱባት ትስማ» ብላ ሄደች። ልጇን ከሞት እንዳወጣሁት ገብቷት ነበር፤ ይህን ዓይኗ ላይ አይቻለሁ። ያወጣሁበትን መንገድ ግን ይቅር አላለችም። እኔም እውነቷን ነው አልኩ።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ወደቀ፤ እስር ቤቶች ተከፈቱ፤ ጦሩም ተበተነ። እኔ ደብረ ታቦር ቀርቼ እህል እነግድ ጀመር። አንድ የገበያ ቀን አንድ ገበሬ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ «የዚያ የኬላው ልጅ ቤተሰቦች ለአባቱ የሰባት ዓመት ተዝካር ያወጣሉ፤ ይምጡ ብለዋል» አለኝ።

«ማን ነው ይምጣ ያለው? ልጁ ነው?»

«እናትየው ናቸው።»

እህል እየሰፈርኩ ስጠረጥር ዋልኩ። ሊበቀሉኝ ይሆን? በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ይሆን? ባለቤቴ «ሰው ለተዝካር ጠርቶ አይገድልም» አለችኝ። እኔ ከዚህ የባሰም ሰምቻለሁ። ቢሆንም ሄድኩ፤ ያለመሄዱ የበለጠ አስፈራኝ።

ዳሱ ውስጥ ገብቼ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ በሩን ማየት የምችልበት ቦታ ተቀመጥኩ። ልጁ፣ አሁን እስር ቤት ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ሆኗል፣ እያስተናገደ ነበር። አጎትየው አርጅተው ጥግ ተቀምጠዋል። እናትየው ዓይኗ ደክሟል፤ እየመሩ አስቀመጧት። ቄሶቹ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ በበትሯ መሬቱን መታች።

«ያ እንግዳ መጥቷል ወይ?»

«መጥቷል» አላት ልጇ።

«ይነሣ።»

ተነሣሁ። ዳሱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ሰው» አለች፣ «መንግሥት ፊት ቆሞ፣ ባሌ ያለ ጠመንጃ ተለቀሰለት ያለ ነው። ሰባት ዓመት አፌ ላይ መሮኛል። አሁን አገር ፊት ይናገር። ተተኩሶለታል ወይስ አልተተኮሰለትም?»

ያን ቀን እኔ ደብረ ታቦር ስንቅ ክፍል ነበርኩ። ከደብረ ታቦር እስከዚያ ሸለቆ ያለው ተራራ ይህ ነው አይባልም፤ መድፍም ቢተኮስ አይሰማም። ልጁ ይህን ያውቃል። አጎቱም ያውቃሉ። እነዚያ ሽማግሌዎች በአብዮቱ ስም ሲዋሹ ስንት ጊዜ በልቤ እንደሰደብኳቸው ትዝ አለኝ። እዚህ አብዮት የለም፤ ፊት ለፊቴ መስቀል የያዙ ቄሶች አሉ።

«ተተኩሶላቸዋል» አልኩ። «ሦስት ጊዜ። እኔ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አጎትየው ከጥጋቸው ቀና አሉ። «የት ሆነህ ሰማህ?» አሉኝ። ሳቅ ይሁን ቁጣ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም።

«ኬላው ላይ» አልኩ። «ምሽግ ውስጥ። በፍርሃት ስንቀጠቀጥ።»

ልጁ ፊቱን አዞረ። እናትየው ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፤ ከሩቅ የሆነ ነገር የምትሰማ ትመስል ነበር።

«ሰማችሁ?» አለች ለሕዝቡ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ተቀመጥ፣ ልጀ። ስጡት፤ ይብላ።»

ማዕዱ ሲቀርብ ማንም እስኪቀምስልኝ አልጠበቅኩም።